ኦክስ ምንድን ነው? ኤፍኤም ትራንስሚተር ለምን ኦክስ አይባልም?

«የካምፐሬ (መኝታ ያለው መኪናዬ) ቴፕ ላይ ኦክስ አስገብቻለሁ፤ ግን ሽሽሽ ይላል፣ ከተማ ስገባ ደግሞ የሌላ ጣቢያ ወሬ ይቀላቀልበታል።» ይህ ቅሬታ ኦክስን አይመለከትም። ሰውየው የገዛው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ፣ የስልኩን ድምፅ በኤፍኤም ሞገድ ወደ ቴፑ ሬዲዮ የሚያሰራጭ ኤፍኤም ትራንስሚተር ነው፤ ሻጩ «ብሉቱዝ» ብሎ ሸጠለት፣ እሱ ደግሞ «ኦክስ» አለው። ከዚያ አንድ አዋቂ ብቅ ይልና «ቴፑ አርጅቷል፣ ነቅለህ ጣለው» ብሎ ይፈርዳል። ቴፑ ግን ምንም አላጠፋም።

ኦክስ ማለት ድምፅን በሽቦ፣ በኤሌክትሪክ ምልክትነቱ፣ በአንቴናም በካሴትም ሳያልፍ ወደ ቴፑ ማጉያ ክፍል የሚያስገባ መግቢያ ነው። የቀዳዳው ቅርጽ አይወስነውም። ባለ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሁሉ ኦክስ አይደለም፤ አንዳንዱ ቴፕ ላይ የማይክሮፎን መግቢያ ነው። በሌላ በኩል ፊቱ ላይ ምንም ቀዳዳ የሌለው ቴፕ ከኋላው ኦክስ ሊኖረው ይችላል። ብሉቱዝም ቢሆን ከስልኩ እስከ መሣሪያው ያለውን መንገድ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ጥራቱን የሚወስነው ከመሣሪያው እስከ ቴፑ ያለው ቀሪው መንገድ ነው።

ቴፑን እንደ ግቢ ብንወስደው፣ አንቴናው ዋናው በር፣ ኦክሱ ደግሞ ጓዳ የሚያደርሰው የጓሮ በር ነው። ትራንስሚተሩ ጓዳው አጠገብ ቆሞ ሳለ ዞሮ ዋናው በር ላይ ይሄድና ከሬዲዮ ጣቢያዎች ጋር እየተጋፋ «ክፈቱልኝ» ይላል። ድምፁም ደካማ ነው፤ በአውሮፓ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚፈቀደው ኃይል 50 ናኖዋት ብቻ ነው፣ የሚጋፋው ግን በኪሎዋት ከሚያሰራጭ ጣቢያ ጋር ነው። አዲስ አበባ ላይ 96.3፣ 97.1፣ 98.1 እና 102.1 ተይዘዋል፤ ከጎናቸው ቢያንስ 0.3 ሜጋኸርዝ ካልራቁ መቀላቀሉ አይቀርም። ክፍት ቦታ ቢገኝም በኤፍኤም ስቴሪዮ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ይቆረጣል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ አሮጌ ቴፕ ያለው ሃይስ ከሆነ ደግሞ ሬዲዮው የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ትራንስሚተሩ የሚጀምረው ከ87.5 ስለሆነ የሚገናኙባት ስፍራ በጣም ጠባብ ናት።

የካሴት አዳፕተር (በካሴት ቅርጽ ተሠርቶ በገመድ ከስልክ ጋር የሚያያዝ) በመስኮት የሚገባ ዘመድ ነው፤ ያሳፍራል እንጂ ከትራንስሚተሩ ይሻላል። የዶልቢውን (የካሴት ሽሽታ መቀነሻውን) ቁልፍ ማጥፋት አይረሳ፣ አለዚያ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። አውቶሪቨርስ ያለው (በራሱ ወደ ካሴቱ ሌላ ገጽ የሚዞር) ቴፕ ካሴቱን ወዲያ ወዲህ ቢያገላብጥ ወይም ቢተፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቴፑ ሳይሆን ጥርሶቹ አልዞር ያሉት የአዳፕተሩ ነው።

ብዙ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቴፖች ከኋላቸው የሲዲ ቼንጀር (ብዙ ሲዲ ይዞ የሚቀያይር ሣጥን) ሶኬት አላቸው። ይህም የጓሮ በር ነው፣ ግን ዘበኛ አለው። ሲዲ ቼንጀር መኖሩን የሚያረጋግጥ ምልክት በዳታ ሽቦው ካልደረሰው ምንጩን አይከፍትም። ስለዚህ ለዚያው ቴፕ ሞዴል የተሠራና ቼንጀር መስሎ የሚያነጋግረው አዳፕተር ያስፈልጋል፤ የድምፅ ሽቦዎቹን ብቻ መበየድ ዋጋ የለውም።

«የስልኩን ገመድ ከስፒከር ሽቦው ጋር አገናኘው፣ ይሠራል» ለሚለው ደግሞ፦ አይሠራም፣ ያቃጥላል። በአብዛኛው የመኪና ቴፕ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ሙዚቃ ባይኖርም 6 ቮልት አካባቢ ይዘዋል። ያ የማጉያው መውጫ ነው፤ መግቢያ አይደለም።

እውነተኛ ኦክስ ኖሮም ድምፁ ሲያፏጭ ሰው ሁሉ ገመዱን ይወቅሳል። ካምፐር ውስጥ ይህ የሚበዛበት ምክንያት አለ፤ ሁለት ባትሪ፣ የኮምፕረሰር ፍሪጅ፣ የኤልኢዲ መብራትና የዩኤስቢ ቻርጀር ተመሳሳይ ኔጋቲቭ ይጋራሉ። ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ ከቴፑ ጋር በኦክስ ሲያያዝ ኔጋቲቩ ሁለት መንገድ ያገኛል፣ አንዱ በቻርጀሩ፣ ሌላው በኦክሱ ገመድ። በሁለቱ መካከል ያለች ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት እንደ ድምፅ ትጎላለች። ይህ ግራውንድ ሉፕ ይባላል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ስልኩን ከቻርጀሩ ንቀሉ። ፉጨቱ ከጠፋ ሉፕ ነው። ካልጠፋ የኦክሱን ገመድም ንቀሉ፤ አሁንም ካለና ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ከአልተርኔተሩ በቴፑ የኃይል መስመር የሚገባ ነው፤ ያኔ የቴፑን ግራውንድ (የኔጋቲቭ ሽቦውን) ዝገቱ የተፈገፈገ ንጹሕ ብረት ላይ ማሰር ይቀድማል። ለሉፑ ኦክሱ መካከል ላይ የሚገባ፣ የሁለቱን ወገን ኔጋቲቭ የሚነጥል አይሶሌተር ይበቃል፤ ርካሹ ግን ውስጡ ያሉት ትራንስፎርመሮች ትንሽ ስለሆኑ ቤዙን ይበላል። ቤዝ ወዳጅ ከሆናችሁ በእሱ ፈንታ ግብዓቱና ውጤቱ የተነጠሉ ከ12 ወደ 5 ቮልት መቀየሪያ ቻርጀሩ ቦታ አስገቡ። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በሌለው ስልክ ተመራጩ ትንሽ የብሉቱዝ ሪሲቨር ከኦክሱ ጋር ማሰር ነው፤ እሱም ከዩኤስቢ ኃይል ከወሰደ ያው ሉፕ ይመጣል፣ በራሱ ባትሪ ሲሠራ ግን ዝም ይላል። የስልኩን ድምፅ ወደ ላይኛው ጫፍ አስጠግታችሁ በቴፑ ቀንሱ፤ በተቃራኒው ከሆነ የሚጎላው «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ነው።

ቴፑን መቀየር የግድ ከሆነ፣ እንደ ፎልክስዋገን ቲ3 ባለ ነጠላ ቦታ 180 በ50 ሚሊሜትር የሆነ፣ ሲዲ የሌለው አጭር ቴፕ ብሉቱዝም ኦክስም ይዞ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን የስፒከሮቹን ሽቦ ተመልከቱ። አንዳንድ አሮጌ መኪና ላይ የሁሉም ስፒከር ኔጋቲቭ ተያይዞ ከቦዲ ጋር ታስሯል፤ ለድሮው ቴፕ ልክ ነበር፣ የአሁኑ ግን በዚያ ላይ ሲበራ ማጉያው ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል ወይም ይቃጠላል። ለያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ራሱን የቻለ ሽቦ መዘርጋት ነው። ካምፐሩ ቆሞ ሙዚቃ የሚሰማ ከሆነም ቢጫውንም (የቴፑን ማስታወሻ የሚያቆየውን) ቀዩንም (ቴፑን የሚያበራውን) ሽቦ ከሁለተኛው ባትሪ፣ ባትሪው አጠገብ በ10 አምፔር ፊውዝ አድርጋችሁ አምጡ፤ ቀዩ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ጨምሩ፣ አለዚያ ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል። የመኪናውን ቁልፍ ስታጠፉ ያስቀመጣችኋቸው ጣቢያዎች የሚሰረዙ ከሆነ ቢጫውና ቀዩ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ በፎልክስዋገን ሶኬቶች ይህ የተለመደ ነው።