ስለ ጽሑፍ ፍቅር የሚነገሩ ስሕተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የጀማሪዎችን ግጥምና ልብ ወለድ ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። ብዕር ሲያነሡ ያላቸው ፍቅር ደስ ይለኛል። ያ ፍቅር በተሳሳተ እምነት ምክንያት ባክኖ ሲቀር ግን ያንገበግበኛል።

«ስሜቱ ከጠነከረ ጽሑፉም ይጠነክራል»

ከሁሉም የባሰ ጉዳት ያደረሰው ይህ ነው። እናቷን በቅርቡ የቀበረች ልጅ ግጥም አመጣችልኝ። «አንጀቴ ተቃጠለ፣ እንባዬ ጎረፈ» ይላል። እያነበበች ታለቅሳለች፤ እኔ ዘንድ ግን ሐዘኑ አልደረሰም። ስለ እናቷ እንድታወራኝ ለመንኋት። የመንዝ ሴት ናቸው፤ ባና ለሚባለው ወፍራም የሱፍ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር ይፈትሉ ነበር። የጀመሩት ክር እንዝርቱ ላይ እንደ ተጠቀለለ ቀርቷል፤ ከቤተሰቡ ማንም ሊቀጥለው አልደፈረም። «ይህንን ጻፊው» አልኋት። በሁለተኛው ግጥም «እንባ» የሚል ቃል የለም፤ ያለው እንዝርቱ ነው። ስታነበው ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር፤ ያለቀስነው ሰሚዎቹ ነን። የበግ ጸጉር ተነድፎ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ነው ባና የሚሆነው፤ ጸጉሩን እንዳለ ደርቦ የመንዝን ብርድ የቻለ የለም።

«ማረም ስሜትን ይገድላል»

ይህን የሚሉ ሰዎች የቅኔ ቤትን ቢያስታውሱ እወዳለሁ። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ ይውላል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፤ ያልሰመረው ፈርሶ እንደ ገና ይቆጠራል። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ከሚባለው የቅኔ ዓይነት ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይታረማል! ፍቅር ባይኖረው ያን ሁሉ እርማት በምን ይችለዋል?

«ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው» ለሚሉ የምመልሰው አጭር ነው። እኔን ስሜቱ የሚያገኘኝ ሦስት አራት ደረቅ መስመር ከጻፍሁ በኋላ ነው።

«ሌላ ሥራ ያለው ሰው ከልቡ አይጽፍም»

መርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱ የመንግሥት ሰው ነበሩ። ከ20 በላይ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል። ለመጻፍ ብለው ሥራቸውን ሊለቁ ያሰቡ መምህራንና የባንክ ሠራተኞች ሲያማክሩኝ እኚህን ሰው አነሣለሁ። ከዚያም «ትናንት ማታ ምን ጻፉ?» ብዬ እጠይቃለሁ።