የአምፕሊፋየር ክላሶች፦ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ዲ እና ሌሎቹ

አምፕሊፋየር ለመግዛት ወይም ለመሥራት ያሰበ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ነገር ፊደል ነው። ክላስ ኤ፣ ክላስ ኤቢ፣ ክላስ ዲ፣ አንዳንዴም ጂ እና ኤች። ብዙ ሰው ፊደሉን እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ያነበዋል፤ ኤ አንደኛ፣ ዲ ለጥቂት ያለፈ። ይሄ አነባበብ ትክክል አይደለም፣ ብዙ ገንዘብም ያስወጣል። ፊደሉ የሚነግረን አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች ወይም ቫልቮች (ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት የነበሩት የመስታወት ቱቦዎች) እንዴት እንደሚሠሩ ነው። ከዚያ ተነስተን ከሶኬት ከገባው ኃይል ስንቱ ስፒከሩ ጋ እንደሚደርስና ስንቱ ሙቀት ሆኖ እንደሚቀር ማወቅ እንችላለን። ድምፁ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን ፊደሉ ብቻውን አይነግረንም።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንይ። ከስልክ ወይም ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ሲግናል ቢበዛ 2 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከረንቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 8 ኦም ስፒከር ላይ 100 ዋት ለማድረስ ግን 28 ቮልትና 3.5 አምፔር ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ ኃይል የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ ነው። አምፕሊፋየሩ የሚያደርገው፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወስደውን ኃይል የደካማውን ሲግናል ቅርጽ አስይዞ ወደ ስፒከሩ መላክ ነው። ክላሶቹ የሚለያዩት ይህን ቅርጽ በሚያስይዙበት መንገድ ነው።

ክላስ ኤ ውስጥ ትራንዚስተሩ መቼም አይዘጋም። ሞገዱ ወደ ላይ ይውጣ ወደ ታች ይውረድ፣ በሞገዱ ሙሉ ዙር፣ 360 ዲግሪውን በሙሉ፣ ከረንት ያሳልፋል። ይህ እንዲሆን ሙዚቃ ባይኖርም እንኳ ትልቅ ከረንት ሁልጊዜ እንዲፈስበት ይደረጋል፤ ሲግናሉ ያንን ከረንት ከፍና ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ዜሮ አያደርሰውም። አንዱ ትራንዚስተር ለሌላው ሥራ የሚያስረክብበት ቦታ ስለሌለ ሞገዱ ላይ መገጣጠሚያ አይታይም። ጥቅሙ ይሄ ነው።

ዋጋው ደግሞ ሙቀት ነው። በቀላሉ የተሠራ ክላስ ኤ ከሚበላው ኃይል ወደ ስፒከር የሚልከው፣ በስሌት እንኳ፣ ከ25 በመቶ አያልፍም። በትራንስፎርመር ከተያያዘ ወይም ሁለት ትራንዚስተሮች ተጋግዘው ከሠሩ 50 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ ያውም ድምፁ ጥግ ሲደርስ። ድምፁን ብትቀንሱት የሚበላው አይቀንስም። በየቻናሉ 25 ዋት የሚሰጥ ስቴሪዮ ክላስ ኤ በ50 በመቶው ስሌት 100 ዋት፣ በ25 በመቶው 200 ዋት ያለማቋረጥ ይበላል። ብዙ ሰው የሚገርመው ደግሞ በጣም የሚግለው ሙዚቃው ሲቆም መሆኑ ነው። ሙዚቃ ካለ የተወሰነው ኃይል ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፤ ከሌለ ሁሉም ሂትሲንኩ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚያስወጣው ብረት) ላይ ይቀራል። ስለዚህ ክላስ ኤ ሁልጊዜ ከባድ ነው፣ ሂትሲንኩ ትልቅ ነው፣ የሚሰጠው ዋትም ትንሽ ነው። 300ቢ የሚባለው ዝነኛ ቫልቭ ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው 8 ዋት አካባቢ ነው። ጆን ሊንዝሊ ሁድ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ንድፍ 10 ዋት ነው፤ በየቻናሉ አራት ትራንዚስተር ብቻ ስለሚፈልግ ዛሬም በእጃቸው የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ሰርኪዩት ማንበብ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ያለ አይመስለኝም።

ክላስ ቢ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ትራንዚስተር የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ይይዛል፤ እያንዳንዱ 180 ዲግሪ ይሠራና ያርፋል። ሙዚቃ ከሌለ ሁለቱም ዝግ ስለሆኑ የሚባክን ኃይል የለም ማለት ይቻላል። የስሌቱ ጣሪያም ወደ 78.5 በመቶ ከፍ ይላል። ችግሩ ያለው መገናኛው ላይ ነው። ሲሊከን ትራንዚስተር ለመከፈት 0.6 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፤ ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቅጽበት አንዱ ተዘግቷል፣ ሌላው ገና አልተከፈተም። ኦሲሎስኮፕ (የሞገድን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ብታዩት ሞገዱ መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ ደረጃ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ይሄ ክሮስኦቨር ዲስቶርሽን፣ ማለትም የርክክብ ቦታ ላይ የሞገድ መዛባት፣ ይባላል። መጥፎነቱ ድምፁን ስትቀንሱት መባሱ ነው፤ የደረጃው መጠን ያው ሆኖ ሞገዱ ሲያንስ፣ ከሞገዱ የሚያበላሸው ድርሻ ይጨምራል። ለስለስ ያለ ሙዚቃ ዝቅ አድርጎ የሚሰማ ሰው ሻካራ ድምፅ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ክላስ ኤቢ የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። ሁለቱም ትራንዚስተሮች ትንሽ እንዲከፈቱ ባያስ (ሲግናል ባይኖርም የሚፈስ ትንሽ ከረንት) ይሰጣቸውና ዜሮው አካባቢ አብረው ይሠራሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ አንዱ ይዘጋል። ለብዙ አሥርት ዓመታት አብዛኛው የቤት አምፕሊፋየር የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ባያሱ እንዴት እንደሚስተካከል ማየት ነገሩን ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ግልጽ ያደርገዋል። የአምፕሊፋየሩን ክዳን ስታነሱ ሂትሲንኩ ላይ የታሰሩት ትራንዚስተሮች አጠገብ ብዙ ጊዜ ነጭ፣ አራት ማዕዘን ረዚስተሮች ይታያሉ፤ መጠናቸው ብዙውን ጊዜ 0.22 ኦም ነው። መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ በአንዱ ረዚስተር ግራና ቀኝ ስትለኩ 11 ሚሊቮልት ካነበበ፣ በውስጡ የሚያልፈው 50 ሚሊአምፔር ነው። ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ቁጥሩ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ቀስ ማለቱ የግድ ነው። ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር ለመከፈት የሚፈልገው ቮልቴጅ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይከፈታል፣ ይበልጥ ይሞቃል፣ መጨረሻው መቃጠል ነው። ይህን ለመከላከል ነው አንድ ትንሽ ትራንዚስተር ሂትሲንኩ ላይ ተለጥፋ ሙቀቱን እየተከታተለች ባያሱን የምትቀንሰው። አምፕሊፋየሩን ከፍታችሁ ስትሠሩ እሷን ሳትመልሱ ካበራችሁት ጉድ ይፈላል።

ባያስ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይጠራል የሚለው ወሬ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1971 የሂውሌት ፓካርዱ በርናርድ ኦሊቨር እንዳሳየው፣ በእነዚህ ረዚስተሮች ላይ የሚታየው ቮልቴጅ 26 ሚሊቮልት አካባቢ ሲሆን ርክክቡ በጣም ለስላሳ ይሆናል፤ ከዚያ ማለፍም ማነስም ዲስቶርሽን ይጨምራል። ለአንድ የተወሰነ አምፕሊፋየር ግን ፋብሪካው የሰጠውን ቁጥር መከተል ነው የሚሻለው።

«ኤቢ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዋቶች በክላስ ኤ ይሠራል» ሲባልም ትሰማላችሁ። ቁጥሩን እንሥራው። ባያሱ 50 ሚሊአምፔር ከሆነ ሁለቱ ትራንዚስተሮች አብረው የሚቆዩት እስከ 100 ሚሊአምፔር ጫፍ ድረስ ነው፤ 8 ኦም ላይ ይሄ 0.04 ዋት ብቻ ነው። ለአንድ ዋት እንኳ 250 ሚሊአምፔር ባያስ ያስፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ 40 ቮልት ከሆነ ያ ማለት በየቻናሉ ሥራ ፈቶ 20 ዋት ማሞቅ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ አምፕሊፋየሮች አሉ፣ ግን ሂትሲንካቸውን ነክታችሁ ወዲያው ታውቋቸዋላችሁ።

ክላስ ቢና ኤቢ በጣም የሚሞቁት ድምፁ ጥግ ሲደርስም አይደለም። ከሙሉ ኃይላቸው 40 በመቶ አካባቢ ሲሰጡ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትራንዚስተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ በሚያሳልፈው ከረንት ሲባዛ ሙቀቱን ይሰጣል፤ መሃል ላይ ሲሆን ቮልቴጁም ከረንቱም ቀላል አይደሉም። ክላስ ዲ የተነሳው ከዚህችው ማባዛት ነው። ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ከረንት አለ፣ ቮልቴጁ ግን ዜሮ አጠገብ ነው። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ቮልቴጅ አለ፣ ከረንት የለም። በሁለቱም ጊዜ ብዜቱ ከምንም አይቆጠርም። ታዲያ መሃሉን ለምን አንተወውም?

ክላስ ዲ መሃሉን ተወው። የሙዚቃው ሲግናል በጣም ፈጣን ከሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ጋር በየቅጽበቱ ይነጻጸራል፤ ሙዚቃው ከበለጠ የላይኛው ሞስፌት (አንድ የትራንዚስተር ዓይነት) ይከፈታል፣ ካነሰ የታችኛው። ከዚህ የሚወጣው በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ፣ ለምሳሌ 400 ኪሎኸርዝ፣ የሚበራና የሚጠፋ ኤሌክትሪክ ነው። ሙዚቃው የተጻፈው በበራበት ጊዜ እርዝመት ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ኮይልና አንድ ካፓሲተር ፈጣኑን መብራትና መጥፋት አጣርተው አማካዩን ብቻ ያሳልፋሉ፣ እሱም ሙዚቃው ነው። ዲ «ዲጂታል» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም፣ ከሲ ቀጥሎ የመጣ ፊደል ነው። የበራበት እርዝመት እንደ ሙዚቃው ያለ ደረጃ የሚለዋወጥ ስለሆነ ሥራው ራሱ አናሎግ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይታወቅ ነበር፤ በ1964 የክላይቭ ሲንክሌር ኩባንያ ኤክስ-10 በሚል ስም ተገጣጥሞ የሚሠራ ክላስ ዲ ለገበያ አቅርቦ ነበር። የጊዜው ትራንዚስተሮች ግን ለዚህ ሥራ የሚበቃ ፍጥነት አልነበራቸውም። ነገሩ የተቀየረው ሞስፌት ሲሻሻል ነው። ዛሬ ጥሩ ክላስ ዲ በሙሉ ኃይል ሲሠራ 90 በመቶ አካባቢ ወደ ስፒከሩ ያደርሳል። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ የብሉቱዝ ስፒከር፣ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር)፣ የመድረክ አምፕሊፋየር፣ ሁሉም ጋ አለ።

ቀላል ግን አይደለም። ሁለቱ ሞስፌቶች አንድ ላይ ከተከፈቱ ፓወር ሰፕላዩ ሾርት ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ ተዘግቶ ሌላው እስኪከፈት ጥቂት ናኖሰከንድ ይጠበቃል፣ ያቺ ክፍተት ደግሞ ዲስቶርሽን ታመጣለች። ማጣሪያው ኮይልም የራሱ ጣጣ አለው። የድሮዎቹ ክላስ ዲ ቀጭኑ ድምፅ እንደ ስፒከሩ ኦም ይለዋወጥ ነበር፤ በ4 ኦም ይደበዝዛል፣ በ8 ኦም ይጮሃል። ክላስ ዲ ለሰብዉፈር ካልሆነ አይረባም የሚለው ስም የወጣለት በዚያ ዘመን ነው። መፍትሔው ፊድባኩን (ስህተቱ እንዲታረም ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመለሰውን ሲግናል) ከኮይሉ በኋላ መውሰድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ብሩኖ ፑትዜይስ ፊሊፕስ ውስጥ ሳለ የሠራው ዩሲዲ የተባለው ንድፍ ይህን ካደረጉት ዋነኛው ነው። እሱና ከሱ በኋላ የመጡት ዛሬ መለኪያ ላይ ከአብዛኞቹ ኤቢዎች ይበልጣሉ። ክላስ ዲን በድሮ ስሙ መናቅ ካሁን በኋላ ተገቢ አይመስለኝም።

ጂ እና ኤች የኤቢ ዘመዶች ናቸው። ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ይፈነዳል፤ ለዚያች ፍንዳታ ብሎ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሁልጊዜ ማንጠልጠል ብክነት ነው። ክላስ ጂ በዝቅተኛው ቮልቴጅ ይሠራና ሲያስፈልግ ወደ ከፍተኛው ይዘላል፤ ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ አውጥቶታል። ክላስ ኤች ደግሞ ቮልቴጁን ከሙዚቃው ጋር እያስከተለ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንዱ ፋብሪካ ጂ ያለውን ሌላው ኤች ይለዋል፣ ስለዚህ በፊደሉ አትከራከሩ። ክላስ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ የሬዲዮ ማሰራጫ ሥራ ናቸው፤ ሙዚቃ ማጫወቻ ላይ አትፈልጓቸው። ክላስ ቲ የሚባለውም ትራይፓዝ የተባለ ኩባንያ ለራሱ ክላስ ዲ የሰጠው የንግድ ስም ነው።

ስትመርጡ ከፊደሉ በፊት ስፒከራችሁን እዩ። በአንድ ዋት፣ አንድ ሜትር ላይ 87 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ካላችሁ፣ ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀሙት አንድ ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከ50 ወደ 100 ዋት መሄድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሯችን እጥፍ የሚለው ድምፅ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ርካሽ ክላስ ዲ ቦርድ ስትገዙ ደግሞ የተጻፈው ዋት በስንት በመቶ ዲስቶርሽን እንደተለካ ተመልከቱ። 10 በመቶ ከሆነ ያ ድምፅ የሚደመጥ አይደለም። የፓወር ሰፕላዩንም ቮልትና አምፔር አባዙት፤ 19 ቮልት በ3 አምፔር 57 ዋት ነው፣ ከዚያ ላይ በየቻናሉ 50 ዋት ያለማቋረጥ ሊወጣ አይችልም።

አንድ ነገር ሳትረሱ። ብዙዎቹ ትናንሽ ክላስ ዲ ቦርዶች ስፒከሩን በሁለቱም ጫፍ ይነዱታል፤ የስፒከሩ ኔጌቲቭ ግራውንድ አይደለም፣ እሱም ላይ ኤሌክትሪክ አለ። የግራና የቀኙን ኔጌቲቭ አንድ ላይ ማሰር፣ ከሻሲው ጋር ማገናኘት፣ ወይም የኦሲሎስኮፑን ግራውንድ ቆንጣጭ እዚያ መንከስ ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል።