ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከስኳር ሕመም ጋር የምትጾሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጣትን ወግቶ መለካት የእምነት ማነስ የሚመስለው ሰው ዛሬም አለ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይለናል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ የሆድ ሕመም ጥቂት ወይን አዘዘለት።

ከምግብ በኋላ ስኳር የሚለካው እህል በቀመሳችሁ በ2 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ግን ማዕዱ ተነሥቶ እጅ ከታጠበ በኋላ መቁጠር ይጀምራል። ቅዳሴ ወጥቶ 9 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን የጎረሰ 11 ሰዓት ላይ ይለካ። መሶቡ ዙሪያ 40 ደቂቃ ተጫውቶ ከዚያ ቢቆጥር ስኳሩ ወጥቶ መውረድ ከጀመረ በኋላ ይለካና በመልካሙ ቁጥር ይታለላል። መሐል ላይ ስኳር ያለው ቡና ከገባማ ልኬቱ የምሳው ብቻ አይደለም። ቡናው ያለ ስኳር ይጠጣ፣ አለዚያ ከልኬቱ በኋላ ይፈላ።

የኋላው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከመብላት በፊትም ለኩ። ለአብዛኛው አዋቂ ግቡ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ በኋላ ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው፤ ሐኪም ሌላ ግብ ከሰጣችሁ የእሱን ያዙ። ለነፍሰ ጡር በ1 ሰዓት ከ140፣ በ2 ሰዓት ከ120 በታች ነው። 120 የነበረው 240 ከደረሰ ነገሩ ሳህኑ ላይ ነው፦ ቀኑን ሙሉ የጾመ ሆድ ሁለት እንጀራ በድንች ወጥ ያነሣል። እንጀራውን ቀንሱ፣ ጎመኑን አብዙ። 210 ሆኖ 240 ከገባ ግን ምሳውን አትውቀሱ፤ መድኃኒቱ በሐኪም ይታይ።

እጅ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ማር ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ቁጥሩን በከንቱ ያንረዋል። የጣቱን ጫፍ ዳሩን ውጉ፣ መሐሉ ያማል። የመለኪያ ወረቀቱን ብልቃጥ ወዲያው ክደኑ፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱ፣ ስግደትም ጉልበት መሆኑን አትርሱ፤ ስኳር ያወርዳል። ከመስገዳችሁ በፊት ለኩ። ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከ70 በታች ካያችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ፣ ካልወጣ እንደገና ጠጡ። 9 ሰዓት እስኪሞላ መጠበቅ ጽድቅ አይደለም፤ ለሕሙም የጾሙ ቀንበር ይቀልለታል። ይህን ከንስሐ አባታችሁና ከሐኪማችሁ ጋር ጾሙ ሳይገባ ተነጋገሩ። የምትቆርቡም የጣት ደም ጥያቄ እንዳይሆንባችሁ አስቀድማችሁ ካህኑን ጠይቁ።

ጠበል የምትገቡ ማሽኑንም ኢንሱሊኑንም ይዛችሁ ግቡ። ኢንሱሊኑ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።