ኮምፒውተራችሁ የየት አገር ሰው ነው? በሪጅን ሰቲንግ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ኤክሴል ቀኑን አበላሸብኝ።» ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ ሂሳብ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ኤክሴል ግን የሠራው እንደታዘዘው ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ሪጅኑ (ቀንና ቁጥር በየትኛው አገር ልማድ እንደሚነበብ የሚወስነው ምርጫ) አሜሪካ ላይ ከቀረ፣ ቀድሞ የሚነበበው ወሩ ነው። ኤፕሪል 3 ለማለት 03/04/2024 ስትጽፉ ማርች 4 ብሎ ይይዘዋል። 13/04/2024 ብትሉት ደግሞ በፈረንጅ 13ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። እስቲ አምዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ገሚሱ ቀን ወደ ቀኝ፣ ገሚሱ ወደ ግራ ተጠግቷል? እንግዲያው ችግሩ ይኸው ነው። ወደ ግራ የተጠጉት እንደ ጽሑፍ የቀሩት ስለሆኑ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። የሚያስፈሩት ወደ ቀኝ የተጠጉት ናቸው፤ ተገልብጠው ሳለ ትክክል ይመስላሉ።

«ሪጅኑን ስቀይረው ይስተካከላል።» ከዚያ በኋላ ለሚጻፈው አዎ፣ ቀድሞ ለገባው ግን አይሆንም። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ማርች 4 ቀን 2024 ለእሱ 45355 ነው፣ ኤፕሪል 3 ደግሞ 45385። 45355 አንዴ ከገባ፣ ሪጅኑን ስትቀይሩ 04/03/2024 ተብሎ ይታያል እንጂ ኤፕሪል አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ሪጅኑን አስተካክሉ፣ ከዚያ ጻፉ። ፋይሉ ብዙ ቢሮ የሚዞር ከሆነ 2024-04-03 ብላችሁ ጻፉት፤ ዓመቱ ሲቀድም የሚያደናግር ነገር አይኖርም።

«አማርኛ ከመረጥኩ የኛ ካላንደር ይመጣል።» ዊንዶውስ ላይ አይመጣም። ወሩን በፊደላችን «ማርች» ብሎ ይጽፍላችኋል፤ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የዩኒኮዱ ሲኤልዲአር (የየአገሩን የቀንና የቁጥር አጻጻፍ የያዘ የመረጃ ስብስብ) የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ ይህን ተጠቀሙበት።

«1.500 የትም 1.500 ነው።» ጀርመን ውስጥ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው፤ በአሜሪካ ሪጅን አንድ ነጥብ አምስት። ዕቃ አስመጪዎች፣ የዋጋ ዝርዝሩን ከመደመራችሁ በፊት ይህን እዩ።

«ሰዓቱን በሀበሻ ለማድረግ 6 ሰዓት ወደኋላ መመለስ ነው።» እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የኢሜይሉም የፋይሉም ሰዓት ይዛባል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የመግቢያ ኮድ ከዚያው ኮምፒውተር የምታወጡ ከሆነም አይሠራላችሁም፤ ኮዱ የሚሰላው ከሰዓቱ ነው። የሰዓት ዞኑን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ ተዉት።