ሌሊት የሚቆጥረው ቆጣሪ፦ ስለ መብራት ሂሳብ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ብዙ ነው። ሂሳብ የመጣ ቀን «ማነው የበላው?» ይባላል፤ ጣት የሚቀሰረውም ምጣድ ባለው ሰው ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ስለምሠራ አንድ ቀን ለዳኝነት ተጠራሁ። የተከሰሱት እትዬ «ልጄ፣ እኔ እኮ በሳምንት አንዴ ነው የምጋግረው» አሉኝ። ነገሩን እዚያው አሰላነው፤ በየግቢው ከምሰማው ጋር አንድ በአንድ ላስረዳ።

«በሪሞት ካጠፋሁት ጠፍቷል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቴሌቪዥን በሪሞት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ከ1 ዋት በታች ነው የሚወስደው። የዲሹ ሪሲቨር ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ በሪሞት ሲዘጋ ምስሉ ብቻ ይጠፋል እንጂ ውስጡ እየሠራ ያድራል። ጠዋት እጃችሁን ጣል አድርጉበት፤ ለብ ካለ ሌሊቱን ሲበላ ነው ያደረው። 10 ዋት የሚወስድ አሮጌ ሪሲቨር በቀን 20 ሰዓት እንዲህ ቢቆይ በወር 6 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አምስት ቤት ሲሆን 30። የእትዬ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር እሱም 30 ገደማ። ማንም ሳያያቸው የሚያድሩት አምስት ሪሲቨሮች የተከሰሰውን ምጣድ ያህል በሉ ማለት ነው። ፍርዱ ሲነገር የእትዬን ፊት ብታዩት!

«ቆጣሪው ተበላሽቷል»

ከመክሰሳችሁ በፊት ፈትሹት። ማታ ሁሉም አምፖል ከጠፋ በኋላ፣ የፍሪጁ ሞተር ያረፈበትን ሰዓት ጠብቃችሁ፣ ዲጂታሉ ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትለውን ትንሽ መብራት ተመልከቱ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ አንዷ ብልጭታ 1 ዋት ሰዓት ናት። ከአንዷ ብልጭታ እስከ ቀጣይዋ ያለውን ሴኮንድ ቁጠሩና 3600ን ለዚያ አካፍሉ፤ 60 ሴኮንድ ከፈጀ ግቢው 60 ዋት እየወሰደ ነው። 1600 ከተጻፈበት ደግሞ ያገኛችሁትን በ0.625 አባዙት።

ከዚያ የየቤቱን ባልቦላ አንድ በአንድ እያወረዳችሁ ድገሙት። የማን ሲወርድ ብልጭታው እንደዘገየ ታያላችሁ። ሁሉም ወርዶም ብልጭ ማለቷን ከቀጠለች፣ ያኔ መስመሩ ወይም ቆጣሪው ይጠየቅ። ይህ ለጎረቤት ሰላም የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ሁሉም ቆሞ እያየ ቢደረግ ይሻላል።

«ሶኬት ላይ የሚያድር የስልክ ቻርጀር ነው የጨረሰን»

አይደለም። ስልክ ያልተሰካበት ደህና ቻርጀር 0.3 ዋት ቢወስድ እንኳ በወር ሩብ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ሲነኩት የሚግል ርካሽ ቻርጀር ግን ለሂሳቡ ሳይሆን ለእሳቱ ተብሎ ይነቀል።

«ስታቢላይዘር መብራት ይቆጥባል»

ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው ቮልቴጅ ነው። እምም እያለ የሚሞቀው ምንም ሳይሰካበትም ራሱ ስለሚወስድ ነው። የፍሪጁን ተዉት፣ ዕቃ ይጠብቃል፤ የቴሌቪዥኑን ግን ስትተኙ በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉት።

«ፍሪጅ ሌሊት ይነቀል»

ፍሪጅ ሲቀዘቅዝ በራሱ ያርፋል። በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ደግሞ ያለ ነቃይ ብዙ ያርፋል፤ ያው ፍሪጅ ሸዋ ሮቢት ቆላ ቢወርድ ሞተሩ ብዙ ይደክማል። ነቅላችሁ ያተረፋችሁት አብዛኛው ጠዋት መልሶ ለማቀዝቀዝ ይሄዳል፤ ምግቡም ይበላሻል።

ሪሲቨሩንና ቴሌቪዥኑን ማጥፊያ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ ስትተኙ በአንድ ጣት መዝጋት ይበቃል። እዚያው ማከፋፈያ ላይ ምጣድም ሆነ የውኃ ማሞቂያ እንዳትሰኩ፤ ሽቦው አይችለውም፣ ይቃጠላል።