አምስቱ «ማ»ዎች ምንድን ናቸው?

መካኒኩ መኪና ስር ተኝቷል። «አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ!» ይላል። ልጁ የመሣሪያ ሳጥኑን ይገለብጠዋል። ካቻቢቴ አለ፣ ፒንሳ አለ፣ ጥርሱ የተበላ ብሎን አለ፣ ያረጀ ካንዴላ አለ። አሥራ ሦስት ግን የለም። ብሎኑን መፍታት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ፍለጋው ግን ሩብ ሰዓት በላ።

አምስቱ «ማ»ዎች ለዚህ ፍለጋ የተበጁ መድኃኒት ናቸው። ሥራን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ የሆነው የካይዘን የመጀመሪያ ትምህርት ናቸው ማለት ይቻላል። ጃፓኖቹ ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ፣ ሺትሱኬ ይሏቸዋል። አማርኛ ላይ ሲደርሱ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ ሆኑ። የተረጎማቸው ሰው እጁ ይባረክ፤ አንዴ የሰማ አይረሳቸውም። ካይዘን እኛ ሀገር በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ከሁሉም የሚከብደው ማጣራት ነው። የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ማለት ነው። «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያልን ያከማቸነው ብዙ ነዋ! ፋብሪካዎች የሚጠራጠሩት ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ ይለጥፋሉ። የተወሰነ ጊዜ ይጠብቃሉ። ማንም ካልፈለገው ይወጣል።

ማስቀመጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቤት መስጠት ነው። ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ የየመሣሪያው ቅርጽ በቀለም ይሣልበታል። አሥራ ሦስት ቁልፍ ከቦታው ሲጠፋ ባዶ ቅርጹ ከሩቅ ይታያል። ፈላጊው ሳጥን መገልበጥ አይጠበቅበትም።

ማጽዳት አቧራ ማራገፍ ብቻ አይመስለኝም። ማሽኑን የሚወለውል ሰው የሚያንጠባጥበውን ዘይት ቀድሞ ያያል። ማላመድ የተጀመረውን የሁሉም ሰው አሠራር ማድረግ ነው፤ ማዝለቅም ተቆጣጣሪ በሌለበት መቀጠል።

እኔ ቤቴን የጀመርኩት በአንድ መሳቢያ ነው። የደረቁ እስክሪብቶዎች፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ቁልፎች፣ የድሮ ደረሰኞች ወጡ። የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬትና የክትባት ካርድ አንድ ክላሰር ውስጥ ገቡ። ሻማና ክብሪት በቀኝ ጥግ ሆኑ። ባለፈው ሰሞን ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ትንሿ ልጄ በዳሰሳ ሄዳ ክብሪቱን አመጣችልኝ።