ቩዌልታ ዴ ኦብሊጋዶ፦ በፓራና ወንዝ ዳር የሚገኝ የውጊያ መታሰቢያ

ቩዌልታ ዴ ኦብሊጋዶ በአርጀንቲና የቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር፣ ከሳን ፔድሮ ከተማ በስተሰሜን 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፓራና ወንዝ ቀኝ ዳርቻ የሚገኝ ታሪካዊ ስፍራ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን 1845 እ.ኤ.አ. የአርጀንቲና ጦር ወንዙን ሽቅብ የሚጓዘውን የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጥምር የባሕር ኃይል ለማገድ የተዋጋው በዚህ ነበር። አርጀንቲናውያን በዕለቱ ቢሸነፉም ቀኑን ዛሬ የብሔራዊ ሉዓላዊነት ቀን ብለው ያከብሩታል።

የውጊያው መነሻ የወንዝ ጉዞ ነበር። የቦነስ አይረስ ገዥ ሁዋን ማኑዌል ዴ ሮሳስ የውስጥ ወንዞችን ለውጭ መርከቦች ሲዘጉ፣ ሁለቱ ኃያላን የንግድ መርከቦቻቸውን በጦር መርከብ አጅበው እስከ ፓራጓይ ለማድረስ ተነሡ። ጄኔራል ሉሲዮ ማንሲያ ኦብሊጋዶን የመረጡት ወንዙ እዚያ ሲታጠፍ ስፋቱ ወደ 700 ሜትር ስለሚጠብና ዳርቻው ከፍ ያለ ገደል በመሆኑ ነው። በገደሉ ላይ አራት የመድፍ ምሽጎች አቆሙ፤ መርከቦቹ በመድፎቹ ፊት እንዲዘገዩም 24 ጀልባዎችን ከዳር እስከ ዳር ደርድረው ሰንሰለት ዘረጉባቸው። ለሰዓታት ከተታኮሱ በኋላ ግን የመከላከያው ጥይት አለቀ፤ ሰንሰለቱ ተቆረጠ፤ ማንሲያም ቆሰሉ። ከ200 በላይ አርጀንቲናውያን ሞተዋል።

መርከቦቹ ቢያልፉም ንግዱ እንደታሰበው አልቀናም፤ ሲመለሱም ከወንዙ ዳር እንደገና በመድፍ ተደብድበዋል። በመጨረሻም እንግሊዝ በ1849፣ ፈረንሳይ በ1850 በፈረሙት ውል በፓራና ላይ የሚደረገው ጉዞ የአርጀንቲና የውስጥ ጉዳይ መሆኑን ተቀበሉ። የፈረንሳይን የውጊያ ድል ለማስታወስ በፓሪስ ኦብሊጋዶ ተብሎ ተሰይሞ የነበረው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እንኳ በ1948 አርጀንቲን በሚል ስም ተተክቷል። ጎብኚው ይህን ተከታይ ታሪክ አስቀድሞ ካላወቀ፣ ለተሸነፈ ጦር ይህን ያህል ክብር የተሰጠበት ምክንያት አይገለጥለትም።

በስፍራው የሮሄሊዮ ፖሌሴዮ ሥራ የሆነ፣ ግዙፍ ሰንሰለት የሚታይበት ሐውልት ቆሟል፤ የተመረቀው ዕለቱ ሕዝባዊ በዓል በሆነበት በ2010 ነው። አነስተኛ ቤተ መዘክርም አለ፤ የሉሃን ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችም በውጊያው ቦታ ላይ ለዓመታት ቁፋሮ አካሂደዋል። ይሁንና ከሐውልቱ በፊት ወደ ገደሉ አፋፍ መሄድ ይበጃል፤ የማንሲያ ምርጫ ትክክለኛነት በግልጽ የሚታየው ከዚያ ሆኖ ነውና። ወደ ሮሳሪዮ ወደብ የሚወጡ ትልልቅ የጭነት መርከቦች ዛሬም በዚሁ መታጠፊያ ስለሚያልፉ፣ አንዱ ሲያልፍ ያየ ሰው ከምሽጎቹ እስከ ዒላማቸው የነበረውን ርቀት በዓይኑ ይለካል።

ከቦነስ አይረስ የሚነሣ መንገደኛ በብሔራዊ አውራ ጎዳና ቁጥር 9 ተጉዞ በሳን ፔድሮ በኩል ይደርሳል። በኖቬምበር ወር የበዓሉ ሥነ ሥርዓት ብዙ ሰው ስለሚስብ፣ ምሽጎቹ የነበሩበትን ዳርቻ ረጋ ብሎ መመልከት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቀን ቢመርጥ ይሻለዋል።